ማርሹን ራሱ የሚቀይረው መኪናና የሱሉልታ ውርጭ

ሥራ የጀመርኩት ሰበታ፣ የመንገድ ጥገና ካምፕ ጋራዥ ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ቀን የጋራዡ ካፖ፣ አለቃው አቶ መንገሻ ቱታ ሰጡኝና ወደ አንድ አረንጓዴ የጭነት መኪና ወሰዱኝ። «ውጣና ፍሪሲዮኑን ርገጥ» አሉኝ። እግሬን ብሰድ ፔዳሉ የለም። የቆሙት መካኒኮች ሳቁ። መኪናው ከጦር ሠራዊት የተረፈ ነው፤ ካምቢዮው ኦቶማቲክ በመሆኑ ማርሹን ራሱ ይቀይራል።

ያን መኪና መንካት የሚወድ አልነበረም። አዲስ ስለነበርኩ ለእኔ ተሰጠ።

ጥቅምት ላይ መኪናው ሱሉልታ ካምፕ ተመደበ። ሹፌሩ ኦቦ ድንሳና እኔ አብረን ሄድን። እዚያ መካኒክ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሠራተኞቹ ተሰብስበው ምሳ ሲበሉ ጨዋታው በኦሮምኛ ነው፤ ሳቃቸው ይሰማኛል፣ የሳቁበት አይገባኝም። ከቆርቆሮ ክፍሌ በር ላይ ተቀምጬ ብቻዬን እበላለሁ።

በስሜ የሚጠሩኝ ኦቦ ድንሳ ብቻ ነበሩ። ሃያ ዓመት የነዱ፣ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት በሬን አንኳኩተው «አካም ቡልቴ፣ በቀለ?» ይሉኛል፤ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። እሑድ ሲሆን ከቤታቸው ያመጡትን ቆሎ እየቆረጠምን እንጫወታለን።

ኅዳር ሲገባ ሜዳው ማለዳ ማለዳ በውርጭ ነጭ ይሆን ጀመር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ኦቦ ድንሳ መጡ።

«በቀለ፣ ይሄ ካምቢዮ ጠዋት ጠዋት አሞታል። ማርሽ አስገባለሁ፣ ዝም ይላል። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም። ቆይቶ ደግሞ ድንገት ይወረወራል።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ሞቋል፤ ደህና ነው።»

ይዤው ወጣሁ። ማርሾቹ ተራ በተራ ገቡ፣ አንድም መንገጫገጭ የለም። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አየሁ፤ ዘይቱ ልኩ ላይ ነው። «ምንም የለውም» አልኳቸው። በሳምንቱ ደግመው ነገሩኝ። ያን ጊዜም ያየሁት ከሰዓት በኋላ ነበር።

ከዚያ አንድ ማለዳ መኪናው እንዳሉት ተወረወረና የካምፑን የውሃ ታንከር እግር ሰበረ። አቶ መንገሻ ከሰበታ መጡ።

«ካምቢዮው ነው ወይስ ሰውየው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ካምቢዮው ጤነኛ ነው።»

«እሱን ጻፍና ፈርም።»

ጻፍኩ። ኦቦ ድንሳ ከሹፌርነት ተነሥተው አካፋ ያዙ። ሌላ ሹፌር እስኪገኝ መኪናውን እንድነዳ እኔ ታዘዝኩ።

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሞተሩን አስነሣሁ። ባለ አካፋዎቹ ከኋላ ተሳፍረዋል፤ ኦቦ ድንሳም መሃላቸው ናቸው። ማርሽ አስገባሁ። ዝም። ነዳጅ ሰጠሁ፤ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ካለበት አልተነቃነቀም። እስከ አሥር ከቆጠርኩ በኋላ ወደ ፊት ዘለለ። ከኋላ ሰዎቹ እርስ በርስ ሲጋጩ ሰማሁ። አንድም ሰው አልሳቀም።

አቁሜ ወረድኩ። የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ ዘንግ አውጥቼ ወደ ታች ያዝኩት። ዘይቱ እንደ ማር ተንጠልጥሎ ቀረ፤ አልንጠባጠብ አለ። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ግንቦት ላይ ሰበታ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን የካምቢዮውን ጓርኒሲዮን ስቀይር ቀጭኑ የካምቢዮ ዘይት አልቆብኝ ነበር። ዘይት ያው ዘይት ነው ብዬ አርባ ቁጥር የሞተር ዘይት ሞላሁበት። መኪናው ይሠራባቸው የነበሩት ሰበታና ዓለም ገና ከሱሉልታ ይሞቃሉ፤ ችግሩ አልታየም። ሱሉልታ ብርድ ሲመታው ዘይቱ ረጋ፤ ፓምፑ ቶሎ ሊስበው አልቻለም፣ ማርሹም ዘግይቶ ያዘ።

የዚያኑ ቀን ሰበታ ወርጄ ለአቶ መንገሻ ነገርኳቸው።

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«እኔና እርስዎ።»

«እንግዲያው ዘይቱን ቀይርና አፍህን ያዝ።»

«የፈረምኩትን ወረቀት ይመልሱልኝ፤ ሌላ እጽፋለሁ» አልኩ። ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩልኝ። ጻፍኩ። ከመካኒክነት ወደ ረዳት መካኒክነት ዝቅ አደረጉኝ።

አሮጌውን ዘይት አፈሰስኩ፣ ማጣሪያውን አጠብኩ፣ ቀጭኑን ሞላሁ። በማግስቱ ውርጭ ላይ ማርሹ ወዲያው ያዘ። ኦቦ ድንሳ ወደ መሪያቸው ተመለሱ።

«ኦቦ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ይቅር ብያለሁ» አሉ፣ መስተዋቱን እየወለወሉ። «ጠዋት ነው ብዬህ ነበር እኮ። ሁለቴ ነገርኩህ።»

ከዚያ በኋላ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ሌላም ቃል አልተናገሩኝም። ሱሉልታ ሁለት ዓመት ቆየሁ፤ ከመኪና ጉዳይ በቀር የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም።

ለምትጀምሩ መካኒኮች የምነግራችሁ ይህን ነው። ካምቢዮ በብርድ የሚያስቸግር ከሆነ የሚመረመረው በብርድ ነው። ሹፌሩ የነገራችሁን ሰዓት ያዙ፤ በዚያው ሰዓት መኪናው ላይ ውጡ። ወረቀት የሚፈረመው ከዚያ በኋላ ነው።