በሁዳዴ የመታሁት ከበሮ

እናንተ ልጆች ስለ ግንባር ንገረን ስትሉኝ የምትጠብቁት ጀግንነት ነው። እኔ የምነግራችሁ ስለ አንድ መዝሙር ነው።

ደርግ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ የድንበሩ ጦርነት ሲነሳ ከጋሸና በኦራል መኪና ተጭነን ወደ ግንባር ሄድን። በገነተ ማርያም ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር መሪ ነበርኩ፤ ምሽግም ድረስ ያው ሥራ ተከተለኝ። ምሽግ ውስጥ ሰኞው ከእሑዱ አይለይም። ደረቅ ብስኩት ለጾመኛውም ለማይጾመውም አንድ ነው።

አንድ ቀን ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ትእዛዝ መጣ፤ ሊነጋጋ ሲል ፊት ለፊት ጠላት የያዛትን ራሰ በራ ኮረብታ እናጠቃለን። መቀመጥ አቃተን። አንዱ መሣሪያውን ሦስቴ ፈትቶ ገጠመ። የአገሬ ልጅ አበባው «ኧረ በማርያም፣ አንድ መዝሙር አውጣልን!» አለኝ። ባዶ የጥይት ሣጥን ገልብጬ እየመታሁ «አድሰን ጌታ ሆይ፣ ልባችን አርጅቷል» ስል ጓዶቼ እያጨበጨቡ ተቀበሉኝ። ምን ልደብቅ፣ ደስ አለን።

የወልዲያው ሰይድ ሲሰማን ቆየና «እናንተ ሰዎች፣ ሁዳዴ አይደል እንዴ የያዛችሁት? እኛ ረመዳንን ከፈታን ስንት ጊዜው ነው!» አለ።

እጄ ሣጥኑ ላይ ቀረ። በሁዳዴ ከበሮ እንደማይመታ የላስታ ልጅ ይጠፋዋል? አበባው ፊቱ ጠቆረ። «እግዜርን አስቀይመን ልንዋጋ ነው?» አለ። ሣጥኑን ወረወርኩት። መዝሙሩን ያለ ጭብጨባ፣ እየሰገድን እንደገና ዘመርነው። ልቤ ግን አልረጋም፤ ጥፋቱ የመሪው ነበር።

ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተነሳን። መትረየስ ከቀኝ ያዘን። አበባው ከጎኔ ወደቀ። አልቆምኩም። ምሽጋቸው ውስጥ ገብተን በቅርብ ተኮስን። ሦስት ሰዓት ላይ ኮረብታዋ የእኛ ሆነች። ከጋንታችን ዘጠኝ ሰው ቀበርን፤ አበባውና ሰይድም አሉበት።

አገሬ ስገባ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች መዝሙር ምራን አሉኝ። ሳልናዘዝ ጉባኤ ፊት አልቆምም አልኩ። እንቅልፍ አልነበረኝም። የንስሐ አባቴ እግር ላይ ወድቄ «አባቴ፣ በሁዳዴ ከበሮ መትቼ ጓዶቼን አስፈጀሁ» አልኳቸው።

«ሌላስ ልጄ?»

«ሌላ የለም።»

«ሰው አልገደልክም?»

ክው አልኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ስብሰለሰል ይኼ አንድም ቀን አልመጣብኝም።

«ስንት ይሆናሉ?» አሉኝ።

«ዘጠኝ ነን... ዘጠኝ ናቸው የሞቱት።»

«የእናንተን አላልኩም።»

አላውቅም ነበር። ያኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ቀኖናዬን ከጨረስኩ ወዲህ እመራለሁ። «አድሰን» ስል ምእመኑ ይቀበለኛል። እኔም በልቤ ዘጠኙን በየስማቸው እጠራለሁ። ቀጥዬ የሌሎቹን ልጠራ እልና አፌ ይያዛል። ለእነሱም እናቶቻቸው ስም አውጥተውላቸው ነበር፤ እኔ ግን አላውቀውም።