ቁልፉ ከዲኑ ጋር ነው

ሙግቴ ሚያዝያ አሥራ ሁለት ቀን፣ ሰኞ ረፋድ ላይ ተወለደች። ይህን ቅጽል ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው፤ ገና በልጅነቷ ለተበደለ ሕፃን ሁሉ ጥብቅና ትቆም ነበርና። ስታድግም ሕግ ተምራ አቅም ለሌለው ሰው በነፃ ልትከራከር ቆረጠች። ሁለት የሕግ ትምህርት ቤቶች ተቀበሏት፤ አንዱ እብነ በረድ የለበሰው ታላቁ፣ ሌላው ከጋራዥ ጀርባ ያለው ትንሹ።

አጎቷ «ዳኛው» ይባላል። የፍርድ ቤትን ደጅ ለዋስትና ካልሆነ በቀር ረግጦት አያውቅም፤ በቤተሰብ ጉዳይ ግን ይግባኝ የሌለው ፍርድ ይሰጣል።

«ታላቁ ነው! ከዚያ የወጣ ጠበቃ በመኪና እንጂ በእግሩ አይሄድም» ሲል ፈረደ።

«አጎቴ፣ እኛ ሰፈር እኮ መኪና አይገባም። ታዲያ ማን ጋ ልደርስ ነው?»

«አፍ እንደሆነ ሞልቶሻል!»

ነገሩ የቀልድ ብቻ አልነበረም። እንደ እናት ያሳደገቻት አክስቷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ከነስፌት መኪናዋ ከምትኖርባት ክፍል በወሩ መጨረሻ እንድትወጣ አከራይዋ አስጠንቅቋታል። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች በሚያማምሩ መግለጫዎቻቸው ለድኻ እንደቆሙ ጽፈዋል፤ በወረቀት ላይ ለድኻ ያልቆመ ማን አለ? ስለዚህ ሙግቴ አክስቷን አስከትላ፣ እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ባለጉዳይ ልትጎበኛቸው ሄደች።

በታላቁ ትምህርት ቤት «ነፃ የሕግ ድጋፍ» የሚለው ጽሑፍ በወርቅ ቀለም ደምቋል። በሩ ግን ተቆልፏል።

«ቁልፉ ከዲኑ ጋር ነው» አለች ጸሐፊዋ በትሕትና። «እሳቸው ደግሞ ውጭ አገር ናቸው።»

«ምን ሊያደርጉ ሄዱ እቴ?» አለች አክስት።

«ፍትሕ ለድኻ ስለሚደርስበት መንገድ ንግግር ሊያደርጉ።»

አክስት በኮሪደሩ የተደረደሩትን የቆዳ ወንበሮች ዳሰሰች። «ስፌቱስ ጥሩ ነው፤ ሰው ተቀምጦበትም አያውቅ።»

የትንሹ ትምህርት ቤት በር አይቆለፍም፤ መቆለፊያው ተሰብሯል። አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከአግዳሚው ተነሥታ ቦታ ለቀቀችላቸውና የኪራይ ውሉን አነበበች።

«እማማ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንም አያስወጣዎትም። ቁጭ ይበሉ፤ ለአከራይዎ መልሱን አሁኑኑ እንጻፍ።»

የተማሪዋ መምህር ረቂቁን ደጋግሞ አሳረማትና በመጨረሻ ፈረመ።

ቤት ሲደርሱ ዳኛው ደጅ ላይ ይጠብቅ ነበር። «እህሳ፣ የቱን መረጥሽ?»

«የተከፈተውን።»

ዳኛው አኮረፈ። ለጎረቤቱ ሁሉ ታላቁ እንደተቀበላት ነገረ እንጂ ትንሹን እንደመረጠች አልተነፈሰም። ይሁንና ከዓመታት በኋላ የገዛ አከራዩ ውጣ ባለው ጊዜ በቅድሚያ የገሠገሠው ወደ ጋራዡ ጀርባ ነበር። ሰው የሚበጀውን ደጅ የሚለየው ሲቸግረው ነውና አይፈረድበትም።

ሙግቴ ትምህርቷን ፈጽማ በዚያው ቢሮ ጠበቃ ሆነች። አክስቷም እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ በዚያችው ክፍል ልብስ ሰፋች።