ከጣሪያው ውጪ

ሸራው አሁንም ይሸታል። ባለፈው ሳምንት የዕቃ ማስቀመጫ ክፍላችንን ስናጸዳ ባለቤቴ ከአሮጌ ፍራሽ ሥር ጎትታ አወጣችውና ይጣል እንደሆነ ጠየቀችኝ። እጥፋቱን ስገልጠው የረጠበ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የጭስና የሻጋታ ሽታ አንድ ላይ ወጣ። ቀለሙ ሰማያዊ ነበር፤ ወይም ሰማያዊ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ዛሬ አመድ መስሏል። አይጣል አልኳት። ለምን ብላ ስትጠይቀኝ ግን ቁጭ ብዬ ማስረዳት አቃተኝ፤ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እየተንጎራደድኩ የጀመርኩትን ሳልጨርስ ተውኩት። ለእናንተ ልሞክር።

ልጆች ሳለን ቤታችን ቀበና ነበር፤ ከወንዙ ከፍ ብሎ። ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የጎረቤት ልጆች ቤት ውስጥ ተከተው ይውላሉ፤ እኛ ግን በየእሑዱ ሽርሽር እንወጣ ነበር። በዚያ ዝናብ። ወንዙ ደፍርሶ ድንጋይ ሲያንከባልል አልጋችን ድረስ ይሰማናል። እናቴ የላስቲክ ጫማችንን ታወጣለች፤ አባቴ ሸራውን ጠቅልሎ በገመድ ያስርና ትከሻው ላይ ያደርገዋል። አንድ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ "ጋሼ፣ የእርስዎ ቤተሰብ ዳክዬ ነው እንዴ?" እንዳለው ትዝ ይለኛል። አባቴ አልሳቀም። ሰዓቱን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ቶሎ በሉ አለን።

በታክሲ እስከ ፈረንሳይ ሠፈር መጨረሻ ሄደን ከዚያ ወዲያ በእግር ወደ እንጦጦ እንወጣለን። መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው፤ እግር ይይዛል። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ለማሳለፍ ዳር እንቆማለን፤ ከጭነታቸው ውሃ እየተንጠባጠበ፣ አንገታቸውን ሳያነሡ ያልፉናል። አባቴ ያችን አፍታ እንኳ መቆም ይቸግረው ነበር። እነርሱ ሳያልፉ በጎን ሾልኮ ወደ ላይ ይቀድመንና እንደገና ሊጠራን ተመልሶ ይወርዳል፤ ያንን ተራራ እጥፍ የሚወጣው እርሱ ነበር።

ከተራራው ወገብ ላይ፣ በዛፎቹ መካከል፣ የአባቴ ታላቅ እህት ትኖር ነበር። ሁለቱም የተወለዱበት የጭቃ ቤት ነው፤ ቆርቆሮው ዝጓል። ሽርሽራችን የሚያበቃው እዚያ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ግን አይደለም። አባቴ ከደጃፉ ራቅ ብሎ ሸራውን በባሕር ዛፎች መካከል ይወጥራል። አክስቴ ምግቡን በትሪ አድርጋ፣ በሌላ ትሪ ከድና፣ እየተንሸራተተች ታመጣልናለች። የተቀቀለ ድንች በአዋዜ፣ ጎመን፣ አንዳንዴም ትኩስ የበቆሎ እሸት። እኛ ጉቶ ላይ ተቀምጠን እንበላለን። አባቴ ቆሞ ነው የሚበላው፤ አንድ ይጎርሳል፣ ገመዱን ያጠብቃል፣ ሸራው ላይ የተጠራቀመውን ውሃ በዱላ ወደ ላይ ይገፋል፣ ደግሞ ይጎርሳል። ኮቱን አውልቆ አያውቅም። አክስቴ ትሪውን ይዛ አጠገባችን ትቆማለች፤ አትበላም። እኔም ዝናብ የምንወድ ሰዎች ነን ብዬ አምን ነበር።

ምክንያቱን የነገረችን እናቴ ናት፤ እህቴ ግን ማንም አልነገረንም፣ ትልልቆቹ ሲያወሩ ሰማን እንጂ ትላለች። ያም ሆነ ይህ ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ሩቅ አገር መምህር ሳለ እናቱ በክረምት ታመመች። ሰምቶ ሲመጣ የሞላ ወንዝ መንገድ ላይ አሳደረው፤ እርሷ በዚያው ሌሊት ዐረፈች። አክስቴ እርሱን ሳትጠብቅ እንደ ወጉ በማግስቱ አስቀበረቻት። አባቴ የደረሰው ለቀስተኛው ከቀብር ሲመለስ ነበር። ሰዎች ክንዱን ይዘው ወደ ቤት ሊያስገቡት ሲሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ "ከእንግዲህ በዚህ ጣሪያ ሥር እህል ብቀምስ የእናቴ አጥንት ይውጋኝ" አለ።

ቁጣው ቆይቶ በረደ፤ መሐላው ግን ቀረ። እህቱን ሳያይ አንድ ክረምት ማሳለፍ አይችልም፤ ቤቷ ገብቶም መብላት አይችልም። እናቴ ለንስሐ አባቱ እንዲነግርና እንዲፈቱት ብትለምነው በእናቱ አጥንት የማለውን ማንም እንደማይፈታለት ይነግራታል። ሸራው የማን ሐሳብ እንደነበር አላውቅም። የእናቴ ይመስለኛል። አክስቴ በበኩሏ ወንድሟ ቤቷ ገብቶ ካልበላ እርሷም ከእርሱ ጋር እንደማትበላ ተናግራ ነበር። እንዲህ ሆነው፣ አንዱ በመሐላው ሌላዋ በኩርፊያዋ፣ በየክረምቱ አንድ ትሪ መካከላቸው አድርገው ይተያዩ ነበር።

ከዚያ ያቺ እሑድ መጣች። በነሐሴ ነው፤ የፍልሰታ ጾም ሳይፈታ። ሸራውን ከመወጠራችን ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። ነፋሱ ገመዱን በጥሶ ሸራውን ወደ ጫካው ወሰደው። እናቴ እኛን በሁለት እጇ ይዛ ቤት አስገባችን። ቆርቆሮው ከመደብደቡ የተነሣ አጠገቤ ያለችው እህቴ አፏን ስታንቀሳቅስ አያለሁ፤ ድምጿን ግን አልሰማም።

አባቴ ውጭ ቀረ። ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ውሃ ለዓመታት መሬቱን ቦርቡሮ ቀጭን ቦይ አበጅቶ ነበር፤ እርሱ ከዚያ ቦይ ወዲያ ቆመ። በረዶው ፀጉሩ ላይ ይቀመጣል። እናቴ ከበሩ ሆና እንዲጠለል ጮኸችበት፤ ቢጠለል መብላት አይሆንም፣ ምን ነካህ አለችው። ሳይሰማ ቀርቶ ይሁን መስማት ሳይፈልግ እንጃ፣ አልገባም።

አክስቴ እናቴን በክርኗ ገፋ አደረገቻት።

"ተይው። እዚያው ይቁም፤ እኔ እደርስለታለሁ።"

ከትሪው ላይ ድንቹን ከጎመኑ ጋር በእንጀራ ጠቅልላ ጉርሻ ሠራች፤ በሌላ እጇ ከበረዶ እየከለለችው እስከ ጠርዙ ሄደች። ከዚህ በኋላ ያለው ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። እኔ የማስታውሰው አባቴ አንድ እግሩን ቦዩን አሻግሮ ጎንበስ ሲል ነው። እህቴ ደግሞ እርሱ ንቅንቅ እንዳላለ፣ አክስቴ ናት ራሷን ሳትሸፍን በረዶው ውስጥ የወጣችው ብላ ትምላለች። ስልክ በተደዋወልን ቁጥር እንከራከራለን። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ታሪክ ነው፤ በአንድ ምስክር ብቻ አትመኑ ተብለናል። እዚህ ሁለት ምስክር አለ፤ ነገሩ ግን ጭራሽ ባሰበት።

የምንስማማበት ይህ ነው። ጉርሻውን ተቀበላት። ሳይውጠው ከእጇ የቀረውን ቆርሶ ለእርሷም አጎረሳት። እርሷም በላች። ከዚያ አባቴ ሸራውን ፍለጋ ጫካ ገባ። ሲመለስ ከራስ እስከ እግሩ ረጥቦ፣ ሸራውን አቅፎ፣ "አልተቀደደም" አለን።

ከዚያ ወዲህ አክስቴ ሸራው ሥር ከእኛ ጋር መብላት ጀመረች። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ እዚያ ቤት ገብቶ አልበላም። እኔም ሳድግ አንድ ጥያቄ አብሮኝ አደገ፤ እግሩ ጠርዙን አልፎ ከሆነ እናቱን አስቀይሞ ሞተ ማለት ነው? ወይስ እህቱ ናት ወደ እርሱ የወጣችው?

ሠፈሩ ሲነሣ ለአክስቴ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደረሳት። ትናንት እሑድ ነበር፤ ሸራውን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። መንገዱ አያልቅም። ሚኒባሱ በቆመ ቁጥር ሰዓቴን አያለሁ፤ ረዳቱም፣ "ወንድም፣ የሚያሳድድህ አለ እንዴ? ደርሰናል" አለኝ። አክስቴ ሸራውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ዳበሰችው። ቀለሙ ምን እንደነበር ብጠይቃት አረንጓዴ ነው አለች።

ከዚያ ዋናውን ጠየቅኳት። ወደ መስኮቱ፣ ወደ ዝናቡ አየች።

"በረዶ ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። እጄን ዘረጋሁ፣ ተቀበለኝ። እኔ የማውቀው ይኼን ነው።"

ተነሥታ ድንች በአዋዜ አቀረበችልኝ። እኔ በረንዳው በር ላይ፣ ኮቴን እንደለበስኩ፣ ለመሄድ እንደተነሣ ሰው ቆሜ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከእኔም አልፋ ወደ ላይ፣ ወደ ሲሚንቶው አየች።

"ምን እንደ አባትህ ትቆማለህ? ይኼ እኮ የእኔ ጣሪያ አይደለም፤ የላዮቹ ሰዎች ወለል ነው። ወንድሜ ቢቆይልኝ ኖሮ እዚህ ቁጭ ብሎ ይበላ ነበር።"

ብዙ ጊዜ ብቻዋን ያሰበችው ነገር መሆኑ ከአነጋገሯ ያስታውቅ ነበር። ከላይ የሕፃን እግር ከዳር እስከ ዳር ሮጠ፤ ሁለታችንም እስኪያልፍ አዳመጥን። ኮቴን አውልቄ ተቀመጥኩ።