ቀስ ብላ የምታገባው አጥቂ

በተጫዋችነት ዘመኔ ተከላካይ ነበርኩ። ኳስ እግሬ ሥር ስትገባ አጥር ተሻግራ እስክትሄድ ድረስ የምለጋ ዓይነት ተከላካይ። ዛሬም ጎበዝ ነበረች የሚለኝ ሰው ካለ ስለዚያ ምቴ ብሎ ነው። አርባውን ካለፍኩ በኋላ እንኳ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በድምፁ ብቻ ጥሩ መቺውን ከመጥፎው እለያለሁ እያልኩ እጎርር ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥፋቴ ከየት እንደመጣ ከመነሻው እንዲታወቅ ነው።

በአንድ የሴቶች ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ሆኜ ስሠራ፣ ከየሰፈሩ ከመለመልናቸው ልጆች መካከል አንዲት የጎሮ ልጅ ነበረች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ ጥብቅ አድርጋ የምታስር፣ ከማሊያዋ ሥር ረጅም እጅጌ የምትለብስ አጥቂ። በምልመላው ቀን በሁለት ጨዋታ አምስት ጎል ስላገባች ዋናው አሰልጣኝ ያለ ክርክር መረጣት። መመረጥ ግን መፈረም አይደለም። የተመረጡት ልጆች አንድ ወር አብረውን ይሠሩና በወሩ መጨረሻ ለእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ግምገማ ይጻፍላቸዋል። በዚያ ገጽ ወይ ይፈርማሉ ወይ ይሰናበታሉ። ገጹን የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

አባቷ ከላምበረት ወሎ የሚመላለስ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ልምምድ ልንጨርስ ስንል መጥተው አጥሩ ጥግ ቆሙ። ሰላምታ ተለዋውጠን የቤተሰቤን ደኅንነት አንድ በአንድ ከጠየቁኝ በኋላ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«እህቴ፣ ዘመድ ሁሉ ሴት ልጅ ኳስ ምን ይሠራላታል እያለ ቁም ስቅሌን ያሳየኛል። እኔ ግን አንድ ዓመት ሰጥቻታለሁ። ቡድን ከያዛት እሰየው፣ ትጫወት። ካልያዛት ሥራ ትገባለች። እሷም በዚሁ ተስማምታለች። አደራሽን፣ በደንብ እያት።»

«አያስቡ፣ በደንብ አያታለሁ» አልኳቸው። ሲሄዱ ትከሻዬን ዳሰስ አድርገው ነው የተሰናበቱኝ።

ጎል ታገባ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። አገባቧ ግን ያበሽቀኝ ነበር። ሌሎቹ ከሩቅ ለግተው መረቡን ሲያርገፈግፉት፣ እሷ በረኛዋ ፊት ደርሳ ቀና ትልና ኳሷን በእግሯ ውስጠኛ ጎን ገፋ ታደርጋታለች። ኳሷ እየተንከባለለች ቋሚውን ታክካ ትገባለች፤ አንዳንዴማ መስመሩን አልፋ መረቡ ጋ ሳትደርስ ትቆማለች። በረኞቹ ይስቁባት ነበር። እየሳቁም ይገባባቸው ነበር።

አንድ ቀን ጨዋታውን አስቆምኩና «ለምንድን ነው የማትመቺው?» አልኳት።

«ገባ አይደል፣ ኮች?» አለችኝ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

«በትልቅ ሜዳ እንደዚህ አይገባም። ምቺ ስልሽ ምቺ።»

ቀጥሎ የደረሰቻትን ኳስ መታቻት። ከጎሉ በላይ ሄዳ አጥሩ ሥር አረፈች። ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። እሷ ግን ማንም ሳያዛት ኳሷን ልታመጣ ሮጠች። ኳስ የሚያቀብሉ ልጆች ነበሩን፤ «ተያት፣ ያመጧታል» ብዬ ብጣራም አልተመለሰችም። «ገባ አይደል» ስላለችኝ ቂም ይዤባት ስለነበር ይህንንም «ትኩረት ይጎድላታል» ብዬ መዘገብኩባት።

በወሩ መጨረሻ ገጿን ጻፍኩ። ምቷ ደካማ ነው፤ ድፍረት የላትም፤ ለሰፈር ሜዳ እንጂ ለትልቅ ሜዳ አትሆንም። ዋናው አሰልጣኝ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«እርግጠኛ ነሽ? ልጅቷ እኮ ታገባለች።»

ያን ጊዜ ወረቀቱን ተቀብዬ አንድ ሳምንት ጨምርልኝ ልለው እችል ነበር። ከልቤ ጥግ የሆነ ነገር ቆርቁሮኝም ነበር። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና «እርግጠኛ ነኝ» አልኩት። ልጅቷን ያሰናበትኳትም ራሴ ነኝ። ምን እንደጎደላት ስትጠይቀኝ «ምትሽ ደካማ ነው» አልኳት። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ የቡድኑን ማሊያ አጣጥፋ ሰጥታኝ ሄደች።

ከዓመት በላይ አለፈ። የቦሌ የቤት ኪራይ ወደ ምሥራቅ ሲገፋኝ ከርሞ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጎሮ አደረሰኝ። ቤት ሊያሳየኝ የቀጠረኝ ደላላ እንደ ደንቡ «አምስት ደቂቃ» እያለ ስለሚያቆየኝ፣ አንድ ሜዳ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሜዳው አቧራ ነው። በወዲህ በኩል አዳዲስ ፎቆች፣ በወዲያ ፈፋ። አንደኛው ጎል ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ሆኖ የቆመው ፈፋው አፍ ላይ ነው፤ መረብ የለውም። ልጆች ይጫወታሉ፣ ኳሳቸው አንድ ናት።

ኳሷ ወደ እኔ ተንከባለለች። ተነሣሁና ድሮ እንደለመድኩት ለጋኋት። በእንጨቶቹ መካከል አልፋ ፈፋው ውስጥ ገባች። እኔ ጭብጨባ ስጠብቅ ልጆቹ ባሉበት ቆመው አዩኝ።

«ማዘር፣ የመታ ያመጣል» አለኝ በረኛው።

ማዘር መባሌ አናደደኝ፤ ቢሆንም ሕጋቸው ነውና ወረድኩ። የሕንጻ ፍርስራሹን፣ እሾሁን፣ የሚሸተውን ውሃ አልፌ ትንፋሼ አልቆ፣ ጫማዬ ጭቃ ሆኖ ኳሷን ይዤ ስመለስ ልጆቹ ሁሉ መሬት ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ፈፋው አፍ ባለው ጎል ላይ የሚመታ አንድም ልጅ አልነበረም። ትልቁም ትንሹም በረኛው ፊት ደርሶ ቀና ይላል፣ ጥጉን ይመርጣል፣ ገፋ ያደርጋል። ኳሷ ከእንጨቶቹ ጥቂት እርምጃ አልፋ፣ አፋፉ ላይ ሳትደርስ ትቆማለች።

ያን ዕለት እንዳፈርኩ በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። ያቺ የጎሮ ልጅ ከሁሉም የሚከብደውን ነገር፣ አይቶ ማግባትን፣ ለምዳ መጥታልኝ ነበር፤ እኔ ግን ለትልቅ ሜዳ አትሆንም ብዬ ፈረምኩባት። ስለ እሷ ስጠይቃቸው ልጆቹ በሙሉ ያውቋታል። ከሥራ ስትመለስ በዚሁ ነው የምታልፈው አሉኝ። ደላላው ሲመጣ ቤቱን ሌላ ቀን አያለሁ ብዬ ሸኘሁት።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣች። አውሮፕላን ማረፊያው ካርጎ ነው የምትሠራው፤ የሚያንጸባርቀውን ሰደርያ እንደለበሰች ነበር።

«ኮች! ምን እግር ጣለዎት?»

መግቢያ ሳላበጅ ነገርኳት። ግምገማውን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሜዳዋን ሳላይ እንደፈረድኩባት፣ ዋናውን አሰልጣኝ ለምኜ እንደገና እንደማስሞክራት። «እንደ ድሮሽ አግቢ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አልኳት።

ቦርሳዋን ከአንድ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ከእናንተ ስወጣ አባቴ ከሰጠኝ ዓመት ግማሹ ይቀረኝ ነበር። ምትሽ ደካማ ነው ብለውኝ የለ? ልጆቹ ሳይመጡ በጠዋት እየመጣሁ ስመታ ከረምኩ። ራሴ እየመታሁ፣ ራሴ እየወረድኩ። ከዚያ ሌላ ቡድን ሄጄ ተሞከርኩ።»

«እሺ፣ ምን አሉሽ?»

«ምትሽ ጥሩ ነው፣ ግን አታገቢም አሉኝ።»

በዚህ መካከል ልጆቹ ስሟን እየጠሩ ኳሷን አቀበሏት። ቦርሳዋን እኔ ተቀበልኳት። በረኛው ፊት ስትደርስ ቀና አለች፤ አሁን ገፋ ታደርጋታለች ብዬ ጠበቅሁ። መታቻት። ድምፁን ዓይኔን ጨፍኜ ብሰማው ድንቅ ምት ነው የምለው ነበር። ኳሷ ከቋሚው ውጪ አልፋ ፈፋው ውስጥ ገባች።

«ቆይ፣ እኔ ላምጣ» አልኳት።

«ይተዉት፣ የመታኋት እኔ ነኝ» አለችኝና ሰደርያዋን አውልቃ ወረደች። ቦርሳዋን ይዤ አፋፉ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት።