አሥራ ሦስቱ እሽጎች

የማርከር ክዳን ሲከፈት የሚወጣው ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ዛሬም አምቦ ወደነበረው ቤታችን ይመልሰኛል። እናቴ እሁድ ከሰዓት በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ የብስኩት ካርቶን በመቀስ እየቆራረጠች፣ በየቁራጩ ላይ አንድ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ትጽፍ ነበር። ሸነን ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለነበረች ሰኞ ማለዳ ሄዳ የምትመለሰው ቅዳሜ ነበር። አባቴን አላውቀውም፤ የምቀረው ከእህቱ ከአዳዳ ጫልቱ ጋር ሲሆን፣ እሷም ቀኑን ሙሉ ገበያ ትውል ነበር።

እናቴን አሥረኛ ክፍል ላይ የጣላት እንግሊዝኛ ነውና እኔንም እንዳይጥለኝ ዘዴ አበጀች። የአንድ ዓረፍተ ነገር ቃላትን ቀላቅላ፣ በክር አስራ፣ ለየቀኑ አንድ እሽግ ትተውልኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ተመልሼ የቀኑን ፈትቼ ወለሉ ላይ እደረድራለሁ። አማርኛውም ኦሮምኛውም ማን ምን እንዳደረገ የሚነግረኝ መጨረሻ ላይ ነበር፤ እንግሊዝኛ ግን ትዕግሥት የለውም። አዳዳ ጎንበስ ብላ አይታኝ «ይሄን ካርቶን ብትበይው ይቀልሽ ነበር» ትለኛለች። የማታስቸግረኝ የቅዳሜዋ እሽግ ብቻ ነበረች፤ «ማይ ማዘር ኢዝ ካሚንግ ቱዴይ» ትላለች፣ እናቴ ዛሬ ትመጣለች ማለት ነው። እሷን ደርድሬ ወደ መናኸሪያ እሮጣለሁ፣ እናቴም ከአውቶቡሱ ትወርዳለች። አንድም ቀን ተዛብቶ አያውቅም ነበር።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በሰኔ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በዋለበት እሁድ፣ እናቴ ቀና ሳትል ብዙ ቆረጠች። እሽጎቹን ስቆጥር እንደ ወትሮው ስድስት ሳይሆኑ አሥራ ሦስት ሆኑ። «የበጀት መዝጊያ ነው፣ የዚህን ቅዳሜ አልመጣም» አለችኝ፤ እኔ ግን ከቁጥሩ አውቄው ነበር።

ሰኞ የዕለቱን ደረደርኩ፣ እዚያው አከታትዬም የማክሰኞን፣ የረቡዕን፤ እሽጎቹ ቶሎ ካለቁ እሷም ቶሎ የምትመጣ መስሎኝ ነበር። አሥራ ሦስተኛዋን ስፈታት ያቺው ዓረፍተ ነገር ሆነች። እናቴ ዛሬ ትመጣለች። ፌስታል ራሴ ላይ አጥልቄ መናኸሪያ ሄድኩ። የጉደሩም የባኮውም መኪና ሰው አወረደ፤ የሸነኑም መጥቶ ረዳቱ የመጨረሻውን ማዳበሪያ እስኪያወርድ ቆሜ አየሁ።

«ኮቱ፣ ነይ ቤት እንግባ» አለችኝ አዳዳ ፈልጋ አግኝታኝ፣ «አልመጣም ብላሽ የለም እንዴ?»

«ጽፋልኛለች» አልኳት።

አዳዳ ማንበብ አትችልምና አልተከራከረችኝም፤ ነጠላዋን አልብሳኝ ይዛኝ ሄደች።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን የምለቅመውም አልተረፈኝም። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ከትምህርት ቤት ስመለስ የምፈታው ክር አልነበረም። የደረደርኩትን አፍርሼ ብደረድርም በቃሌ ስለያዝኩት የሚሠራው እጄ ብቻ ነበር። ባዶ ቤት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ እናቴንም በጣም ተቀየምኳት።

በሁለተኛው ቅዳሜ መናኸሪያ አልሄድኩም። እናቴ በዝናብ ርሳ ገብታ «ምነው ልጄ፣ የዛሬዋን አልደረደርሻትም?» አለች።

«ሰኞ ለት ጨርሻታለሁ።»

የሆነውን አዳዳ ነገረቻት። እናቴ እርጥብ ጫማዋን ሳታወልቅ ብዙ ተቀመጠች። በማግስቱ እንደ ልማዷ ካርቶን ቆረጠች፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ጽፋልኝ አታውቅም።

ዛሬ እናቴ ወደ አምቦ ተዛውራለች፤ ሸነን ያለሁት እኔ ነኝ፣ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የዛሬ ልጆች ቃላቱን የሚደረድሩት በስልክ ነው፤ እኔ አሁንም ካርቶን እቆርጥላቸዋለሁ። ኔትወርክ ካልጠፋ ከእናቴ ጋር ማታ ማታ እናወራለን፣ ቅዳሜ እንደምመጣም እነግራታለሁ። ባለፈው ሳምንት አዳዳ ስልኩን ተቀብላ «አንቺ፣ ቀኑን ደግመሽ ንገሪያት፤ ከረቡዕ ጀምራ መናኸሪያ እየወጣች ነው» አለችኝ።

ስልኩን ለእናቴ እንድትሰጣት ጠይቄ ቀኑን ደግሜ ነገርኳት።

«ቅዳሜ መሆኑ መች ጠፋኝ» አለችኝ።