ያልተመዘገበው ኪሳራ

ደጅይጥኑ ጡረታ ከወጣ ወዲህም ቢሆን፣ ሰቆጣ ውስጥ ሂሳብ አልገጥም ያለው ሰው የሚመጣው ወደ እሱ ነው። ዕድሜውን የፈጀው በገበሬዎች ዩኒየን ሂሳብ ክፍል ነው፤ ከጽጽቃና ከፃግብጂ የሚመጣው የማር ገንዘብ ሁሉ በእጁ አልፏል። ዱሮም ዝምተኛ ነበር። ልጁ ሀይሉ ከጠፋ በኋላ ግን ዝምታው የሚያዳምጥ ሰው ዝምታ ሆነ።

ሀይሉ ሥራ ፍለጋ ቀይ ባሕርን ሊሻገር በአፋር አድርጎ ከወረደ ዓመታት አልፈዋል። አብሮት የሄደው የአበርገሌው ልጅ ተስፋው ተመልሶ መጥቶ ነበር። ጀልባዋ ስትገለበጥ ማየቱን፣ ሀይሉም ከሰመጠ በኋላ ብቅ አለማለቱን ደጅይጥኑ ፊት ተቀምጦ ተናገረ።

«አስከሬኑን አይተሃል?» አለው ደጅይጥኑ።

«ባሕር እኮ ነው ጋሼ። ምኑን አያለሁ?»

«እንግዲያው አላየህም።»

በዚያው ቀረ። መርዶ አልተነገረም፤ ፍትሐት አልተደረገም። ባለቤቱ ሸጌ ጥቁር ልልበስ ብትለው «ልጄን በቁሙ ልትቀብሪው ነው?» ብሎ ከለከላት። እሷም ነጠላዋን ሳትቀይር ኖረች። ለቅሶ ቤት በሄደች ቁጥር ግን ከባለ ኀዘኖቹ በላይ ታለቅስ ነበርና፣ ጎረቤቱ በሰው ሬሳ የራሷን እንደምታወጣ ገብቶት ዝም ይላታል።

ደጅይጥኑን ደግሞ አንድ ነገር ይሰማዋል። በጠራራ ፀሐይ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ከግቢው በር ውጭ ሰው ቆሞ ሲያመነታ ይሰማዋል። አይገባም፤ አይሄድም። ተነሥቶ ሲከፍት አቧራው ላይ ኮቴ እንኳ የለም። ልጄን በሕይወት አቆየሁት ብሎ ነበር ያሰበው። አንዳንድ ቀን ግን፣ ያ በር ላይ የሚያመነታው፣ ኑርም ሙትም ያልተባለ ሰው ይሆን እያለ ያስብ ጀመር።

እንዲህ ባለበት ወቅት ፀደይ መጣች፤ የሥራ ወንበሩን የተረከበችው ወጣት ናት። ዩኒየኑ ድሮ ከማር ትርፉ ቀንሶ የአንድ ፋብሪካ አክሲዮን ገዝቶ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ይቀመጥ ተብሎ። አሁን ኦዲተር ሊመጣ ነው።

«ጋሼ፣ አክሲዮኑ መዝገብ ላይ እስካሁን የተያዘው በተገዛበት ዋጋ ነው። እንደዚህ ያደረጉት እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

«ነኝ። ያኔ ልክ ነበር። የረጅም ጊዜ አክሲዮን እንደ ማሽላ በየገበያው ዋጋ አትደነግጪበትም። ቢወጣ፣ ባልሸጥሽው ትርፍ አትጨፍሪም። ቢወርድም፣ ባልሸጥሽው ኪሳራ አታለቅሺም። ልዩነቱን ለብቻው በማስታወሻ ይዘሽ ትጠብቂያለሽ። የተሸጠ ዕለት ትርፉም ትርፍ፣ ኪሳራውም ኪሳራ ይሆናል።»

«ፋብሪካው እኮ ተዘግቷል። ማሽኑም ተነቅሎ ተወስዷል ነው የሚሉት። ማን ይገዛዋል?»

ደጅይጥኑ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። «እንደዚያ ከሆነ ሽያጭ አይጠበቅም። ላይመለስ መውደቁን ባወቅሽበት ዓመት ኪሳራውን ትመዘግቢያለሽ።»

«ወረቀት እስኪመጣልኝ ልጠብቅ?»

«ምን ወረቀት? የሚታመን ሰው አይቶ ከነገረሽ አወቅሽ ማለት ነው።»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ለራሱ የተሰማው።

«ለከርሞ ባደርገውስ ጋሼ? አባላቱ ይደነግጣሉ።»

«ለከርሞም ያው ነው። ደግሞ እስከዚያ አለን በሚሉት ተስፋ ሲያቅዱ ይከርማሉ።»

ሸጌ ጓዳው በር ላይ ምስር ትለቅም ነበር። እጇን ሳታቆም «እስቲ ድገምላት» አለች።

«ምኑን?»

«ልጅቱ በደንብ እንድትይዘው ነው። የሚታመን ሰው አይቶ ከነገረ፣ ምን ይሆናል ነበር ያልከው?»

ደጅይጥኑ የጠረገውን መነጽር መልሶ አጠለቀ። ፀደይ ነገሩ ባይገባትም፣ የመጣችበትን ጊዜ ክፉነት አውቃ ወረቀቷን ሰብስባ ተሰናበተች።

በማግስቱ ደጅይጥኑ የነፍስ አባቱን አባ ወልደ ሐዋርያትን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አገኛቸው።

«አባ፣ መርዶ አርዱኝ» አላቸው።

«የማንን?»

«የሀይሉን።»

ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው አዩት። «አገር ያወቀውን? አንተስ ታውቀው የለም እንዴ? ለሚያውቅ ሰው መርዶ ይነገራል?»

«አውቃለሁ። ግን ተቀምጬ አልሰማሁም።»

«ልንመጣ ተነሥተን ነበር እኮ። ቁጣህን ፈርተን ተመለስን።»

«ፍሩኝ ብያለሁ?» አለና መልሶ ራሱ፣ «ብያለሁ» አለ።

እንደ ወጉ ማለዳ መጡ፤ አባ ወልደ ሐዋርያት፣ ሽማግሌዎቹ፣ ተስፋውም አብሮ። ደጅይጥኑ ምንም እንደማያውቅ ሰው «በደህና ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። አስቀመጡት። ነገሩት። ሸጌ «ሀይልዬ!» ብላ ስትጮህ፣ ይህ ስም በዚህ ቤት ከተጠራ ምን ያህል እንደቆየ ታውቆት ደነገጠ። እሷ እንባዋን ስታወርድ እፎይታ የሚመስል ነገር ፊቷ ላይ አየ። የእሱ እንባ ግን እንቢ አለ።

ረፋዱ ላይ ኀዘንተኛው ግቢውን ሞላው። ደጅይጥኑ ቀና ሲል፣ ከግድግዳው ሥር፣ ጥላው ላይ፣ አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ባዶ ቀርቷል። መቀመጫ ጠፍቶ ሰው ፀሐይ ላይ ተኮልኩሏል፤ የሚገባው ሁሉ ግን ሳያውቀው ያን ቦታ ዞሮት ያልፋል፤ በር ላይ ሲያመነታ የኖረው ገብቶ የተቀመጠበት ይመስል። ፀደይ ገብታ እጅ ነሣችና እዚያው ልትቀመጥ ጎንበስ አለች። ደጅይጥኑ ተስቦ ክንዷን ያዛት።

«እዚህ ነይ ልጄ» አለና፣ ፈቀቅ ብሎ ከአጠገቡ ቦታ ለቀቀላት።