የማማ ሙኒራ ደም

እታለም ጾመኛ ናት። ዓርብ ዓርብ እዚህ ሳውዲ፣ ቱቅባ ሰፈር የምንገናኝ ሴቶች ሁላችንም እንጾማለን፤ እሷ ግን ሁዳዴ ከገባ ቅቤ የነካውን ድስት እንኳ በዓይኗ አታይም። አል ዐዚዚያ ሰፈር በቤት ሠራተኝነት የምትሠራላቸው ማማ ሙኒራ ደግሞ የበግ ጮማ ካልበሉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ሁለቱን ጉድ ውስጥ የከተታቸው ይኸው ጾምና ጮማ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ሁዳዴ የማማ ሙኒራ ኮሌስትሮል ጣሪያ ነካና ሐኪም ኪኒን አዘዘላቸው። አንዲት ጎረቤት ግን «እሱ ኪኒን መገጣጠሚያ ይጨርሳል» ብላ አስፈራራቻቸው። ከዚያ ወዲህ ኪኒኑን ልጃቸው ፊት አፋቸው ውስጥ ያደርጉና ዘወር ስትል ሳሎን ያለው የረይሃን ተክል ላይ ይተፉታል። እታለም አይታ እንዳላየች ታልፋለች። እሷም የምትደብቀው አለባት፤ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አብጠው አልታጠፍ ይላሉ። መታመሟ ከታወቀ የመጨረሻ መውጫው ኹሩጅ ፓስፖርቷ ላይ ተመትቶባት አገሯ ልትገባ ነው፤ ጎጃም ያሉት ሁለት ልጆቿ ደግሞ የሚማሩት በእሷ እጅ ነው።

የማማ ሙኒራ ልጅ ረምዚያ የሕክምና ተማሪ ናት። እራት ላይ መስበክ ትወዳለች።

«አንዳንድ ሰው የዚህን ኪኒን ሥራ የሚሠራ ዘረመል ይዞ ይወለዳል» አለች አንድ ቀን። «ተመራማሪዎች እነዚህን ሰዎች ከሌላው ሰው ጋር እያስተያዩ፣ ቁርጥማት ይበዛባቸው ወይስ ይቀንስላቸው እንደሆነ ይፈትሻሉ። እስቲ እውነቱ ይለይ፤ ጎረቤትሽ ምኑን አይታ ነው? ለማንኛውም ነርስ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ኮሌስትሮልሽንም መገጣጠሚያሽንም በደም እናያለን።»

ማማ ሙኒራ ኪኒኑን እንደማይውጡ ደሙ ሊያጋልጥባቸው ነው። ልጅቱ እንደወጣች ማድ ቤት ገቡ።

«ያ እታለም፣ አንቺ ጮማ አትበዪም። ክንድሽን ስጪኝ።»

«ማማ፣ ሐራም አይደለም እንዴ?»

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም! የምዋሸው እኔ ነኝ፤ አንቺ ክንድ ብቻ ነሽ።»

ነርሱ የመጣው ረምዚያ ትምህርት ላይ ሳለች ነው፤ ፊሊፒናዊ ወንድ ስለነበር ኒቃብ መልበሱ አያስጠረጥርም። እታለም በማማ ሙኒራ ዓባያ ተጀቡና ሶፋው ላይ ተኮፈሰች። ነርሱ ያበጡ ጣቶቿን ሲያይ «አይዞሽ ማማ፣ እርጅና ነው» ብሎ አጽናናት። ከመጋረጃው ጀርባ ማማ ሙኒራ በሳቅ ሊሞቱ ደረሱ።

ሳቁ ግን ሳምንት አልቆየም። ረምዚያ ውጤቱን ይዛ ስትመጣ ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ኮሌስትሮልሽ የሕፃን ነው፣ አልሐምዱሊላህ! ግን ሰውነትሽ የገዛ መገጣጠሚያውን እያጠቃ ይመስላል። እናቴ ታማ ሳላውቅ!» ብላ አለቀሰች። ቀጥላም፦ «ሁለታችንም የዘረመል ምርመራ እናድርግ። ከአንቺ የወረስኩት ካለ ልወቅ።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ማማ ሙኒራ ወደ ማድ ቤት ሮጡ።

«ክንድሽን አንዴ ብቻ ድገሚልኝ!»

«አይሆንም፣ ማማ። የኔ ደም ከሄደ ልጅቱን ‹እናትሽ አይደለችም› ሊላት ነው። ወላጅ እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ እንዴት እናት አሳጣታለሁ?»

እታለም እንደነገረችኝ ያን ጊዜ ልጆቿ ትዝ አሏት፤ ቢሆንም ሳሎን ገብታ እጆቿን ረምዚያ ፊት ዘረጋች።

«ደሙ የኔ ነው። ቁርጥማቱም የኔ ነው። ኮሌስትሮሉን ዝቅ ያደረገው ጾሙ መሰለኝ። የማማ ኪኒን እዚያ ረይሃን ሥር ነው።»

ረምዚያ ተክሉን አየች፣ እናቷን አየች፣ በመጨረሻ ያበጡትን ጣቶች ያዘች።

«ፈርሞ ያስመጣሽ ካፊል ወንድሜ ነው» አለች ቀስ ብላ። «የታመመች ሠራተኛ አያቆይም። ይህን ሲሰማ...»

«ይስማ!» አሉ ማማ ሙኒራ ከበሩ ላይ። ዓይናቸውን በጨው አጥበው ወገባቸውን ይዘዋል። «ውጤቱን ይዘሽ ስትመጪ ‹እናቴ ታማ› እያልሽ ያለቀስሽው ለዚህ ደም አይደለም? ኹሩጅ የሚመታ ከሆነ ለእናቱ ይምታ! ኸላስ!»

ረምዚያ እያለቀሰች ሳቀች። በማግስቱ እታለምን ሐኪም ዘንድ የወሰደቻት ራሷ ናት፤ ወንድምየው ጠይቆ የተመለሰለትን ባላውቅም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ፣ ታድሷል።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው የየራሳቸውን ኪኒን ይውጣሉ። ማማ ሙኒራ ከዋጡ በኋላ አፋቸውን ከፍተው ለእታለም ያሳያሉ፤ እሷም ምላስዎን ያንሱ ሳትል አትለቃቸውም።